«ደርሰናል» እስኪባል

ሰኞ 4

ይህ የአባዬ ሱቅ ደብተር ነው። አባዬ መስታወት ቆራጭ ስለሆነ እያንዳንዱ ገጽ አናቱ ላይ «የትእዛዝ ዓይነት፣ ስፋት፣ ቁመት፣ የሚደርስበት ቀን» የሚል ታትሞበታል። አዲስ ሲያሳትም አሮጌውን እኔ ወረስኩ። ከዛሬ ጀምሮ ሕይወቴን በስፋትና በቁመት እጽፋለሁ ማለት ነው።

ዛሬ ቤታችን ሰርግ ነው። የከተማው ምክር ቤት የሱቆችንና የቤቶችን ግብር ቀነሰ። አባዬ ዜናውን በሬዲዮ እንደሰማ ብድግ ብሎ እማዬን ጉንጯን ሳማት። እማዬ ደንግጣ «ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ፣ አመመህ እንዴ?» አለችው። ግብር ይቀነስልን ተብሎ ፊርማ ሲሰበሰብ አንደኛ ተራ ላይ የፈረመው እሱ ነው። ይህንኑ ከሳሎን ወጥ ቤት እየተመላለሰ ሰባት ጊዜ ነገረን፤ ቆጥሬያለሁ።

አጎቴም አለ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚኖረው ሶፋችን ላይ ነው ማለት ይቻላል። «እንግዲህ ኢኮኖሚው ይንቀሳቀሳል» አለ፣ እግሩን ጠረጴዛ ላይ እንደሰቀለ። ከዚያ ሪሞቱን እንዳቀብለው ጠየቀኝ። ሪሞቱ ጉልበቱ ስር ነበር።

ወንድሜም ደስ ብሎታል፤ ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ሰፈሩ ሁሉ «አለቃ» ይለዋል። ሐኪሞች ደግሞ «የአእምሮ እድገት ውስንነት» የሚል ረጅም ስም አውጥተውለታል። በሳምንት አምስት ቀን ከተማው እንደ እሱ ላሉ ሰዎች ባቋቋመው ማዕከል ይውላል። እዚያ የጫማ ካርቶን ያጥፋል፣ አትክልት ያጠጣል፣ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሲጣላና ሲታረቅ ይውላል። ጠዋት የማዕከሉ ሚኒባስ ትወስደዋለች፣ ከሰዓት በኋላ ትመልሰዋለች። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ «ደርሰናል፣ አለቃ!» ካላለው ከመቀመጫው ንቅንቅ አይልም።

ሌላም ጠባይ አለው። ማንም ሰው ምንም ነገር ቢጠይቀው አውራ ጣቶቹን ቀበቶው ውስጥ ሸጉጦ፣ ደረቱን ነፍቶ «ችግር የለም!» ይላል። ቁርጥ አጎቴን። እንግዳ ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ከየት እንደተማረው አይታወቅም።

ሐሙስ 7

አባዬ ገና ያልተረፈውን ገንዘብ ከወዲሁ አጠፋው። ለሱቁ የሚበራ ታፔላ አስተከለ። አልበቃ ብሎት ባነር አሠራ፦ «ግብራችንን ለቀነሰልን ምክር ቤት ምስጋናችን ላቅ ያለ ነው!» ባነሩ የመስኮቱን ግማሽ ስለሸፈነው የሱቃችን መስታወቶች ከመንገድ አይታዩም። ይህን ስነግረው ቱግ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ባለፈው ዓመት ይህን ሱቅ ልዘጋው እንደነበር ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። ለአንድ ደቂቃ ያህል አፌን ያዝኩ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማክሰኞ 12

ማዕከሉ ውስጥ የወላጆች ስብሰባ ነበር። እማዬ ራሷን ስላመማት ከአባዬ ጋር እኔ ሄድኩ። ወንበሮቹ የልጆች ናቸው፤ አባዬ ጉልበቱን አገጩ ጋ አድርጎ ተቀመጠ።

ዳይሬክተሯ ቀጭን ሴት ናት፤ ስታዝን ፈገግ የምትል ዓይነት። ዛሬ በጣም ፈገግ አለች። የግብር ቅነሳውን ተከትሎ የከተማው ገቢ ስለወረደ የማዕከሉ በጀት በሲሶ ተቆርጧል። ሚኒባሷ ትቆማለች። ሹፌሩ ይሰናበታል። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ቤቱ ድረስ ተሂዶ ይገመገማል፤ «እርዳታው ይበልጥ ለሚያስፈልገው እንዲደርስ» አለች።

ከኋላችን አንዲት እናት «የማን ግብር ነው የተቀነሰው? እኔ የተቀነሰልኝ ነገር የለም» አለች።

«የሱቆችና የቤቶች ነው።»

«እኔ ሱቅም ቤትም የለኝም! ማነው ቀንሱልኝ ብሎ የለመነው?»

አባዬ የጣሪያውን አምፖሎች መቁጠር ጀመረ። ሱቁ ጋ ስንደርስ ታፔላው ቦግ ብሎ በርቶ ጠበቀን።

ረቡዕ 20 (ሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ መምህሩ ጀርባውን ሲሰጥ)

ገምጋሚ ዓርብ ይመጣል። እማዬ ቤቱን ገለበጠችው። መጋረጃ ታጠበ። አጎቴ ከሶፋው ተነስቶ ሶፋው ተጠረገ፤ ከስሩ ሦስት እርሳስና አንድ የጠፋ ማንኪያ ተገኘ። መምህሩ ዞረ

ዓርብ 22

በሩ ኋላ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ።

ገምጋሚዋ ወጣት ናት፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ፣ የእኛ ቤት ለቀኑ አምስተኛዋ ነው። አርባ ጥያቄ ያለው ቅጽ ይዛለች፤ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው። እማዬ ደግሞ ወረቀት የያዘ ሰው ሲመጣ ልጇን ሊፈትኑባት የመጡ ይመስላታል። አለቃን አዲስ ሸሚዝ አልብሳዋለች፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ የቆለፈችው ራሷ ናት።

«ራሱ ይለብሳል?»

«ይኸው እዩት እንጂ! እንዴት እንዳማረበት!»

ገምጋሚዋ ምልክት አደረገች።

«ምግብ ያዘጋጃል?»

እማዬ ወደ ወጥ ቤት ጮኸች፤ አለቃ ሻይና ብስኩት በትሪ ይዞ ገባ። ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ። ትሪው ላይ አልፈሰሰም፤ ለሁለት ቀን ተለማምደናል። «እንግዳ ማስተናገድ ይወዳል» አለች እማዬ። ውሸት አልተናገረችም። ገምጋሚዋ ምልክት አደረገች።

ከዚያ ወደ እሱ ዞራ «መንገድ ለብቻህ ትሻገራለህ?» አለችው።

አውራ ጣት ቀበቶ ውስጥ፣ ደረት ተነፋ። «ችግር የለም!»

«አውቶቡስስ?»

«ችግር የለም!»

«የታመምክ እንደሆነ ሐኪም ቤት ትደውላለህ?»

«ችግር የለም!»

ልጅቷ ሳቀች፤ ከጠዋት ጀምሮ ያልሳቀች ትመስላለች። እኔም እጄን በአፌ ጭኜ በሩ ኋላ ተንፈራፈርኩ። አለቃ ወደ በሩ አየ። እንዳለሁ ያውቃል። ስስቅ መስማት ይወዳል።

ስትወጣ እማዬ በር ድረስ ሸኘቻት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስንት አመጣ?» አለቻት።

«ሠላሳ ስምንት፣ ከአርባ።»

እማዬ ፊቷ በራ። ማታ ለአባዬ «ሠላሳ ስምንት!» እያለች ነገረችው። እኔ በሒሳብ ያመጣሁትን ቁጥር ማንም አልጠየቀኝም፤ እግዜር ይስጣቸው።

ሰኞ 2፣ አዲስ ወር

ደብዳቤ መጣ። የመጀመሪያው ቃል «እንኳን ደስ አላችሁ» ነው። ልጃችን «ከፍተኛ ራስን የመቻል ደረጃ» ላይ ስለደረሰ በሳምንት ከአምስት ቀን ወደ አንድ ቀን ይቀነስለታል። ማክሰኞ ብቻ። በሕዝብ አውቶቡስ «ለብቻው ይጓዛል»።

እማዬ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። «ግን ጥሩ ውጤት አመጣ እኮ» አለች።

አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ኢኮኖሚው ሊናገር ጀመረ። አባዬ «ተወኝ ባክህ» አለው።

ረቡዕ 4

አለቃ ሱቅ መዋል ጀመረ። የሚያደርገው ነገር ስለሌለው ታፔላውን ያበራል፣ ያጠፋል። ጎረቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ «ሱቃችሁ ጥቅሻ ጀመረች?» ብሎ ገባ።

አባዬ ለልኬት ወጣ ሲል ሁለት ደንበኛ መጣ። አንዷ ለመታጠቢያ ቤት መስታወት፣ አንዱ ለበር። «ለሐሙስ ይደርሳል?» ብለው አለቃን ጠየቁት። የመለሰላቸውን መገመት ይቻላል። ነገ ሐሙስ ነው፤ አባዬ ደግሞ ስለ ትእዛዙ ምንም አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ አለቃ በኩራት ነግሮኛል። ለአባዬ ልንገረው አልኩና ነገ ፊቱ ምን እንደሚመስል ማየት ፈለግሁ።

ሐሙስ 5

አየሁት። እንዳሰብኩት አላሳቀኝም። አባዬ ደንበኞቹን ይቅርታ ሲጠይቅ አለቃ አጠገቡ ቆሞ አብሮ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ።

ማክሰኞ 10

የመጀመሪያው የአውቶቡስ ቀን። ጠዋት ሁለት ሰዓት አሳፈርኩት። ትምህርት ቤት የመረብ ኳስ ውድድር አለን። ሁሉም ደህና።

ማክሰኞ 10፣ ከሰዓት

አልደረሰም። ማዕከሉ የቀረ መስሎት አልደወለም። እማዬ ልትቀበለው ፌርማታ ሄዳ ነው ያወቀችው። አባዬ ሱቁን ዘግቶ ወጣ። አጎቴ ከሶፋው ተነሳ፣ በነጠላ ጫማ፣ ዝናብ ላይ። ኢኮኖሚው ሳይሆን እሱ ተንቀሳቀሰ። እኔ ስልኩ አጠገብ ተቀመጭ ተባልኩ። ስልኩ አይጮህም። አይጮህም። ቀፎውን አንስቼ መስመር መኖሩን አየሁ፤ አለ

ረቡዕ 11

ተገኝቷል። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ጋራዥ ውስጥ። የተሳፈረበት መስመር ክብ ነው፤ ከተማውን ዞሮ ተመልሶ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ዞረ። ሁለተኛው ተረኛ ሹፌር «ወንድሜ፣ ውረድ» ቢለው «ገና ነው» አለው። ምሳው ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ነው። አልነካውም።

ቤት ሲገባ ሱሪው ርጥብ ነበር። እማዬ «ዝናቡ ነው» አለች። እኔም «አዎ፣ ዝናቡ ነው» አልኩ። አውቶቡስ ውስጥ ዝናብ አይገባም።

ዛሬ የተሰናበተው የሚኒባስ ሹፌር ሰምቶ መጣ። አለቃ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት። ሹፌሩ አዳመጠንና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«አውቶቡሱ ውስጥ ደርሰናል ያለው ሰው ነበር?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ «ደርሰናል፣ አለቃ» ተብሎ ነው የወረደው። ትናንት ማንም አላለውም። ስለዚህ አልደረሰም። ከዚህ ቤት ሰዎች ሁሉ ሕግ አክባሪው እሱ ነው።

ዓርብ 13

እሺ። ይህ ገጽ ስፋቱ ጠባብ ነው፣ ቶሎ እጽፈዋለሁ።

ማክሰኞ አብሬው እንድሳፈር ነበር የታዘዝኩት። ማዕከሉ በር ድረስ። ፌርማታው ላይ ቆመን ሰዓቴን አየሁ፣ ውድድሩ ሊጀምር ነው። «አለቃ፣ ለብቻህ ትችላለህ አይደል?» አልኩት። ምን እንደሚለኝ እያወቅሁ ጠየቅሁት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

የሚለውን የማውቀው ደግሞ እኔ ስላስተማርኩት ነው። ሁለት ዓመት ሆነው። አጎቴን እንዲያስመስልልኝ ጣቶቹን ቀበቶው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በትክክል ባለ ቁጥር አንድ ብስኩት። በኋላ ብስኩቱ ቀረ፤ ሳቄ በቂው ነበር።

በውድድሩ ተሸንፈናል።

ሰኞ 16

ይግባኝ ማለት ይቻላል ተባለ። ቤተሰቡ ልጁ የማይችላቸውን ነገሮች ዘርዝሮ በፊርማ ማቅረብ አለበት። እማዬ እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለዘመድ ለጎረቤቱ የሚችለውን ስትዘረዝር የኖረች ሴት ናት።

«ጫማውን ማሰር አይችልም» ብላ ጻፈች። ሰረዘችው። «ጫማውን ለማሰር እየተማረ ነው» ብላ ጻፈች።

«እማዬ፣ እንዲህ ከሆነ ሠላሳ ዘጠኝ ይሰጡታል።»

«ታዲያ ልጄን ሰድቤ ልፈርም?»

እስክሪብቶውን ተቀብያት ጻፍኩ። አባዬ ይጨምርልኝ ነበር፣ አጎቴም፤ ቀስ በቀስ ሁላችንም አወቅንበት። ራሱን አይላጭም። ትኩስና ቀዝቃዛ ውሃ አይለይም። መልስ አይቆጥርም። እንግዳ ሰው ና ካለው ይከተላል። አለቃ መሃላችን ተቀምጦ በየተራ ያየን ነበር። ስሙን ደጋግመን ስለምንጠራ ስለ እሱ ጥሩ ነገር የምናወራ መስሎታል። ሠላሳ አንደኛው ላይ እማዬ ተነስታ ወጥታ ሄደች፤ የቧንቧ ውሃ ድምፅ ሰማን። ረጅም ጊዜ ፈሰሰ።

ማክሰኞ 24

ዛሬ ይግባኙ ተሰማ። በሙሉ መጻፍ አለብኝ።

ሦስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ። ሰብሳቢው ራሰ በራ ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ መስኮቱ ይታያል። አባዬን ሲያየው ፊቱ ፈካ።

«እርስዎ ባለመስታወቱ አይደሉ? ባነርዎን በመኪና ሳልፍ አይቼዋለሁ። እንዲህ የሚያመሰግን ዜጋ ጠፍቷል።»

አባዬ ጆሮው ቀላ። «አውርጄዋለሁ» አለ። ውሸቱን ነው፤ ጠዋት ከስሩ አልፈን ነው የመጣነው።

ዝርዝራችን ተነበበ። ሰብሳቢው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠ። «በወር ልዩነት ውስጥ ሠላሳ ስምንት ነገር ይችል የነበረ ሰው አርባ ነገር አቃተው። እንዴት እንመን?» እማዬ አንገቷን ደፋች። «እስቲ ራሱን እንጠይቀው። ልጄ፣ ያለ ማዕከሉ ቤት መዋል ትችላለህ?»

አለቃ ተነሳ። ጣቶቹን ሸጎጠ። ደረቱን ነፋ። ከመናገሩ በፊት ግን ዞሮ እኔን አየኝ።

«ችግር የለም!»

ሦስቱም ፈገግ አሉ። «ጥሩ ተግባቢ ነው» አለች አንደኛዋ፣ እየጻፈች።

ሳላስበው ቆሜ ነበር። «ይቅርታ፣ እኔም ልጠይቀው?» ማንም እሺ ሳይለኝ ቀጠልኩ። «አለቃ፣ በዚህ መስኮት ዘለህ ትወርዳለህ?»

«ችግር የለም!»

«ይህን ጠረጴዛ ትበላዋለህ?»

«ችግር የለም!»

ሰዉ ሳቀ። አለቃ ፊቱ እንደ ታፔላው ቦግ አለ፤ እንዲህ ብዙ ሰው ስቆለት አያውቅም።

«ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ብቻህን ትቀመጣለህ? ሳትበላ፣ ሽንት ቤት ሳትሄድ?»

«ችግር የለም!»

ሳቁ ቆመ። «ያንን አድርጎታል» አልኩ። «መልሱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ለሳቅ ብዬ። ሠላሳ ስምንቱ ውስጥ ግማሹ የእኔ ነው፤ ከቀረው ደግሞ ሻዩ የእኔ፣ የሸሚዙ ቁልፍ የእማዬ ነው።»

አለቃ አሁንም እያየኝ ነበር። እንድስቅ ይጠብቅ ነበር። አልቻልኩም፤ እሱም ቀስ ብሎ ጣቶቹን ከቀበቶው አወጣ። ምን አጠፋሁ እንደሚል ልጅ። ከቀኑ ሁሉ ያ ነው ዓይኔ ላይ የቀረው።

ውጭ ስንወጣ ይገርፉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እማዬ ክንዴን ይዛ ሄደች። አባዬ ሱቅ እንደደረስን መሰላል አወጣ።

ሐሙስ 10፣ ሦስተኛው ወር

ውሳኔው መጣ። «ተጨማሪ ማስረጃ በማግኘታችን» ሦስት ቀን ተፈቀደ፦ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ሚኒባስ የለም። በየዓመቱ እየተገመገመ፣ «ሁኔታው መሻሻሉ ይጣራል»። አጎቴ «ምኑ ነው የሚሻሻለው?» ብሎ ጮኸ። ስለ ኢኮኖሚው አንድም ቃል አልወጣውም፤ ያኔ ዝናብ ሲመታው የያዘው ጉንፋን እስካሁን አልለቀቀውም።

በቀሩት ሁለት ቀናት አለቃን ሱቅ የሚይዝ ሰው አባዬ ቀጥሯል፤ የተሰናበተውን ሹፌር። መስታወትም ያመላልስለታል። ባነሩ አሁን እንዳይጋጭ መስታወት የሚጠቀለልበት ጨርቅ ሆኗል፣ ጽሑፉ ወደ ውስጥ። ከግብሩ የተረፈ ነገር አለ ወይ ብዬ ለመጠየቅ አሰብኩና አፌን ያዝኩ። ይህ ሁለተኛዬ ነው።

ሰኞ 14

ጠዋት አብሬው ተሳፈርኩ። የማዕከሉ ፌርማታ ሲደርስ ተነሳሁና እንደ ሹፌሩ ድምፄን አጎርንኜ «ደርሰናል፣ አለቃ!» አልኩት።

ከእግር እስከ ራስ አየኝ። «አንቺ ሹፌር አይደለሽም።»

በሩ ተዘጋ። አለፍን። ከተማውን አንድ ዙር ዞርን። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር፣ አላዘንኩም። ግን ዙሩ ረጅም ነው። አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እሱ ያን ቀን ስንቱን እንደዞረ አሰብኩ።

ወደ ፊት ሄድኩ። ሹፌሯ ግዙፍ ሴትዮ ናት፤ «ሹፌሩን ማናገር ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ ራስጌዋ ላይ ተለጥፏል።

«እትዬ፣ ይቅርታ። ያ ወንድሜ ነው። የሚቀጥለው ጋ ሲደርሱ ደርሰናል፣ አለቃ ይበሉት።»

«ምን?»

«ደርሰናል፣ አለቃ። እንደዚያ ካልተባለ አይወርድም።»

«እኔ አውቶቡስ ነው የምነዳው፣ የኔ እመቤት። ትያትር አልሠራም።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፌርማታው መጣ። በሩ ተከፈተ። ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። አለቃ ቦርሳውን አቅፎ ወደ ፊት ያያል። በሩ ሊዘጋ ጀመረና ቆመ።

ሴትዮዋ ዞር ሳትል፣ መስታወቷ ውስጥ እያየችው፣ ተቆጥታ በሚመስል ድምፅ «ደርሰናል፣ አለቃ» አለች።

ቦርሳ የያዙ ሁለት ሱፍ ለባሾችም አብረው ቀና አሉ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ስንት አለቃ አለ። የእኔው ግን ተነሳ። በሩ ላይ ቆም ብሎ «ረቡዕም?» አላት።

«ረቡዕ እኔ አይደለሁም፤ ሌላ ሹፌር ነው» አለች።

አለቃ ወደ እኔ ዞረ። ጣቶቹ ወደ ቀበቶው ሄዱና መንገድ ላይ ቀሩ። ጠበቀ።

የትእዛዝ ዓይነት፦ አንድ «ደርሰናል፣ አለቃ»።
ስፋት፣ ቁመት፦ ሰባተኛው ወንበር ድረስ የሚሰማ።
የሚደርስበት ቀን፦ ረቡዕ ጠዋት፣ ከሌላ ሹፌር። ቀድሜ ጋራዥ ሄጄ እጠይቀዋለሁ።